የሻሽወርቅ አተኛኘት

ኑ እስቲ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ፤ እዚህ ፀሐይ አይደርስም። ተራ የምትጠራው ነርስ ምሳ ወጥታለች፣ ቶሎ አትመለስም። አንቺ ልጅ ያዘልሽው፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጪ፤ እኔ መቆም ለምጃለሁ። የማወራችሁ በዚሁ ግቢ የሆነ ነገር ነው። ረጅምም አይደለም።

እኔ ይስማው እባላለሁ። የዚህ ሆስፒታል ጥበቃ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። እናቴ የዝቋላ ሰው ስለነበረች ከአማርኛ በፊት አፌን የፈታሁት በዚያው አገር ቋንቋ፣ በኽምጠኛ ነው። ስለዚህ ከዝቋላም ሆነ ከሰሃላ አማርኛ የማይሆንለት በሽተኛ ሲመጣ ሐኪሞቹ ከበር ያስጠሩኛል። ዱላዬን ለባልደረባዬ እሰጥና እገባለሁ። ደስም ይለኝ ነበር። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ትንሽ ይኮራል።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ዘመቻ መጣ። ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያዎች ለአንድ ሳምንት እዚህ ሆነው ሊሠሩ ነበር። እንቅርት በኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ አንገቷ ላይ ድንች የሚያህል እብጠት ያላትን ሴት ገበያ ውስጥ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። በዚያ ሳምንት ግን ሁሉም ከየጎጡ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ስቆም ያን ሁሉ አንገት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ አየሁት።

የሻሽወርቅ የመጣችው ረቡዕ ዕለት ነው። ሃምሳ አምስት ቢሆናት ነው። ከዝቋላ አንድ ቀን ተኩል በእግር፣ የቀረውን በአይሱዙ ላይ መጥታለች፤ አማርኛ አይሆንላትም። አብራት ያለችው ልጇ አገኘሁሽ ናት፤ አራት ዓመት ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የተመለሰች። የእናትየው እንቅርት ከአገጯ ሥር ተነሥቶ እስከ አንገቷ ግርጌ ወርዷል። ማተቧ እላዩ ላይ ተንጋዶ ተቀምጧል።

ለማደንዘዣው የሚመረምራት ኤርምያስ የሚባል፣ ሠላሳ ያልሞላው ሰው ነበር። ሁሉም ዶክተር ይለዋል፤ እሱ ደግሞ በየጊዜው «ዶክተር አይደለሁም፣ ሰመመን ሰጪ ነኝ» እያለ ያርማል። ማንም አልሰማውም።

«አያ ይስማው» አለኝ ገና ስገባ፣ «የምጠይቃቸው ለምን እንደሆነ ቢያውቁ ጥሩ ነው። መድኃኒቱ ሲያስተኛቸው በራሳቸው መተንፈስ ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ የምተነፍስላቸው እኔ ነኝ፤ በአፋቸው በማስገባው ቱቦ። የአየር ቧንቧውን ደጃፍ ካላየሁት ቱቦውን ማስገባት ያቅተኛል። ካቃተኝ ደግሞ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ መንገዱ ቀላል ይሁን ከባድ ሳላስተኛቸው መገመት አለብኝ።»

ይህን ነገርኋት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

የአፏን ስፋት በጣቶቹ ለካ፤ ሦስት ገባለት። ከአገጯ እስከ ጉሮሮዋ ያለውን ለካ። ቀና ብላ ጣራውን እንድታይ አደረጋት። ከዚያ «አፍዎን በደንብ ይክፈቱና ምላስዎን ያውጡ» አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ አመነታሁ። ምላስ ማውጣት በኛ ዘንድ ስድብ ነው። እኩያዬን፣ የልጅ እናት የሆነችን ሴት፣ ምላስሽን አውጪ ልላት አልሆነልኝም። «አፍሽን ከፈት አድርጊለት» አልኋት። እሷም ትንሽ ከፈተችና፣ ሴቶቻችን በወንድ ፊት እንደሚያደርጉት፣ እጇ ቀድሞ ወደ አፏ ሄደ።

ኤርምያስ በባትሪ አየ፤ ጎንበስ ብሎም አየ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አራት ቁጥርን ጻፈ።

«አራት ምንድን ነው?» አልሁት።

«አንድ ቀላል ነው፤ አራት የመጨረሻው ከባድ። እንጥላቸው ፈጽሞ አይታየኝም። እንጥል የማይታይበት ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ማስገባት ያስቸግራል። እንዲህ ከሆነ እዚህ አልደፍርም፣ ወደ ደሴ ይላኩ።»

«ደሴ ማን አለን?» አለች አገኘሁሽ። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ለራሷ ይመስላል።

እኔ ሳቅሁ። መሳቄ ልክ አልነበረም፣ ግን አመለጠኝ። «ልጄ፣ የምትፈልገው እንጥል ከሄደ ሃምሳ ዓመት አልፎታል» አልሁት።

«የት ሄደ?»

«ተቆረጠ። በኛ ጊዜ ሕፃን ሲታመም እንጥል ነው ይባልና ቆራጭ ይጠራል። የኔም የለም።» አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ባትሪውን አበራብኝና አየ። በዚያ መሐል የጽዳት ሠራተኛዋ ይታየሽ መጥረጊያዋን ይዛ ስታልፍ ጠራኋት። «ይታየሽ፣ ለዶክተሩ አፍሽን ክፈቺለት።»

«ምን አጠፋሁ ብለህ ነው?» አለች።

«እንጥል ጠፍቶበት ነው።»

«እኔ አልወሰድሁበት» አለችና ከፈተችለት። የሷም የለም።

ኤርምያስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ይህ ነገር እንዳለ ትምህርት ቤት ሰምቻለሁ» አለ። «ሦስት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ይገጥመኛል ግን አላልሁም።» ወደ አገኘሁሽ ዞረ። «የአንቺስ?»

«የኔ አለ። እኔ ስወለድ የጤና ባለሙያዎች ማስቆረጥ ከልክለው ነበር።»

እንደገና ሊያይ ተነሣ። በዚህኛው ምላስሽን አውጪ ያለቻት ልጇ ናት፤ ራሷ አውጥታ እያሳየቻት። እናትየው ወደኔ አየችና ዐይኔን እስካዞር ጠበቀች። ኤርምያስ በጉሮሮዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ቅስቶች ፈለገ፣ አገኛቸውም። አራቱን ሰርዞ ሁለት ጻፈ።

ይህን ጊዜ ደስ አለኝ። አንድ የዝቋላ ሰው ከደሴ መንገድ ያስቀረሁ መሰለኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀጥሎ ያደረግሁትን ያደረግሁት በዚያ ደስታ ነው።

«እማማ፣ በጀርባዎ ተንጋለው መተኛት ይችላሉ?» አለ።

ነገርኋት። እንዲህ አለችኝ፦ «ጀርባዬ መደብ ከነካ ሁለት ዓመት አለፈው። ሁለት ጆንያ ማሽላ ከኋላዬ አስደግፌ ተቀምጬ ነው የማድረው። እህሉ ሲያልቅ ጆንያውን ጭድ እንሞላዋለን። ከተንጋለልሁ ትንፋሼ በቀጭኑ ይሆንና ያፏጫል፤ ከዚያ ይዘጋል። ንገረው።»

አገኘሁሽ ክርኔን ነካች። ዐይኗ አይንገሩት ይል ነበር።

«ደህና እተኛለሁ ትላለች» አልሁት።

ኤርምያስ ብዕሩን ይዞ ቆም አለ። «ይህን ሁሉ ተናግረው ደህና ነኝ ብቻ ነው?»

«ኽምጠኛ ረጅም ነው» አልሁት።

ሳቀና ጻፈ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ እዚሁ ያስነሣችውን የአንገት ራጅ አየ፤ የአየር ቧንቧዋ በዚያን ጊዜ ቀጥ ያለ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሁለተኛ ተራ ብሎ መዘገባት።

ወደ በሩ ተመለስሁ። ከምሳ በኋላ አንድ ሰው ተኝታ ለምትታከም ዘመዱ በሶ ይዞ መጥቶ እንዳደርስለት ለመነኝ። ይዤ ወደ ሴቶች ክፍል ገባሁ። አሥራ ሁለት አልጋ አለ። አሥራ አንዱ ላይ ሴቶቹ ተጋድመዋል፤ የቀትር እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አሥራ ሁለተኛዋ የሻሽወርቅ ናት፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ተቀምጣ ተኝታለች። እግሬን ሰምታ ነቃች።

«ያ ልጅ ጥሩ ሰው ነው» አለችኝ።

«ጥሩ ነው።»

«ተቀምጬ እንደማድር ሲሰማ ይመልሰኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ልደብቀውም አስቤ ነበር። ኋላ ግን ትንፋሼን የሚይዘው እሱ ከሆነ ይወቀው አልሁ። ነገርሁት፤ ምንም ሳይቆጣ ጻፈ። የሚያውቅበት ሰው ነው።»

በሶውን ለተላከላት ሴት ሰጠሁና ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆምሁ። እሷ ተናግራለች፤ እሱ አልሰማም። ሁለቱም ተግባብተናል ብለው አምነዋል።

አገኘሁሽ ተከትላኝ ወጥታለች። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ «ሊነግሩት ነው?» አለችኝ።

«ልነግረው ነው።»

«አባባ፣ ከነገሩት ይመልሷታል። እነሱ ዓርብ ይሄዳሉ።»

«ካልነገርሁትስ?»

«ዐረብ አገር ሳለሁ ለእናቴ በየሳምንቱ እደውል ነበር» አለች። «በየሳምንቱ ድምፅዋ እየሻከረ ሲሄድ እሰማለሁ። ስልኩ ነው ትለኛለች። ስልኩ አልነበረም።»

«ይህንንም ነይና አንቺው ንገሪው» አልኋት።

ኤርምያስን ያገኘነው የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ሽሮ ሲበላ ነው።

«ዶክተር፣ ዋሽቼሃለሁ» አልሁት።

«ሰመመን ሰጪ ነኝ» አለ እንደ ልማዱ። ከዚያ ጉርሻውን መሶቡ ላይ መለሰው። «ምን ብለው?»

ነገርሁት። ጆንያውን፣ ፉጨቱን፣ ሁለት ዓመቱን፣ ሁሉንም እሷ ባለችው ቅደም ተከተል። አገኘሁሽ ስለ እናቷ ድምፅ ነገረችው። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። እጁን ሳይታጠብ ተነሣ።

ወደ ክፍሉ ስንገባ የሻሽወርቅ፣ «ደግሞ ምን ሆነ? ነግሬው አልነበር?» አለችኝ።

«እርግጠኛ ሊሆን ፈልጎ ነው» አልኋት። ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

ኤርምያስ ቀስ ብሎ በጀርባዋ አስተኛት። አባታችን ሆይ ግማሽ ሳይደርስ ያ ያለችው ፉጨት መጣ። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ሰማሁት። ፊቷ ጠቆረ፤ አልጋውን በክርኗ ገፍታ ተነሣች። ትንሽ ካረፈች በኋላ፣ እንቅርቱ ወደ ደረቷ ገብቶ እንደሆነ ሊያይ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ እንድታነሣ አደረጋት፤ አሁንም ፊቷ ጠቆረ፣ የአንገቷ ሥሮች ተገተሩ። ከዚያ ማተቧን አየ። ክሩ ሁለት ቦታ ላይ ተቋጥሮ ተቀጥሏል።

«ይህን ለምን ቀጠሉት?» አለ።

«ስለጠበበኝ» አለች። «አንዴ ባለፈው ዓመት ጥምቀት፣ አንዴ ደግሞ ኋላ ለፍልሰታ።»

ይህንንም ቃል በቃል ነገርሁት። የተቀጠለውን ክር በጣቱ ለክቶ ጻፈ። ከዚያ ወደ ራጅ ክፍል ላካት። አዲሱ ፊልም ሲመጣ ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ እኔንም ጠራኝ፤ ለምን እንደጠራኝ አላውቅም። የአየር ቧንቧዋ ወደ ግራ ተገፍቷል፤ ተገፍቶም ተጨፍልቋል። እንቅርቱ ከውጭ ከሚታየው ይልቅ ወደ ደረቷ የገባው ይበልጣል።

«ለአፋቸው የጻፍሁት ሁለት ልክ ነበር» አለ ኤርምያስ። «ከአፍ በታች ያለውን ግን አፍ አያሳይም። እሱን የሚነግረኝ አተኛኘታቸው ነበር።»

«ነገ ብታስተኛት ኖሮ?» አልሁት።

ፊልሙን አወረደ። «አላውቅም» አለ። «ሊቀልም ይችል ነበር። የማላውቀውን አልነግርዎትም።»

ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ሶስና መጣች። ፊልሙን አየችና ሁለቱ በረንዳው ላይ ተነጋገሩ። በሩ ክፍት ስለነበር እኔም ሰማሁ።

«ደሴ እንላካቸው?» አለች።

«ደሴ ቢላኩ ማን እንደሚቀበላቸው፣ ተራ መቼ እንደሚደርሳቸው አናውቅም። መሣሪያው ደግሞ ሻንጣዬ ውስጥ አለ።»

«አስተኝተህ ታስገባለህ?»

«አስተኝቼማ አልሞክርም። ነቅተው፣ ተቀምጠው፣ ራሳቸው እየተነፈሱ። ጉሮሯቸውን ብቻ አደንዝዤ በቀጭኑ ካሜራ እየመራሁ አስገባለሁ። የማስተኛቸው ቱቦው ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው።»

«እሺ ካሉና ከታገሡ ነው» አለች።

«እሺ ካሉና የምላቸው ከገባቸው» አለና ወደኔ ዞረ። «አያ ይስማው፣ ነገ አብረውኝ ይገባሉ። እኔ ያልሁትን እንዳልሁት፣ እሳቸው ያሉትን እንዳሉት። ሳያጎድሉ።»

«ሳላጎድል» አልሁ።

የሚደረገውን ሁሉ ነገርኋት። ነቅታ እንደምትቆይ፣ እንደሚያስላት፣ ላለመዋጥ መታገል እንዳለባት፣ ካልፈለገች ሊተው እንደሚችል። አሰበችና፣ «ተቀምጬ ከሆነ እችለዋለሁ» አለች።

ሐሙስ ጠዋት አረንጓዴ ልብስ አልብሰው፣ ቆብ ደፍተው፣ አፌን ሸፍነው አስገቡኝ። የሻሽወርቅ ከወገቧ ቀና ባለ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። አየችኝና፣ «አንተን ነው ወይስ እኔን ነው የሚቀድዱት?» አለች። ለኤርምያስ ነገርሁት። ጭንብሉ ሥር ሲስቅ ዐይኑ ጠበበ።

«ምላስዎን ያውጡ» አለ።

«ምላስሽን አውጪ» አልኋት፣ በዚያችው ቃል።

«በአንተ ፊት?»

«በኔ ፊት።»

አወጣች። በጨርቅ ያዘላትና መራራ መድኃኒት ጉሮሮዋ ላይ ረጨ፤ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። እየረጨ እንድትተነፍስ ያዛል፣ እኔ እናገራለሁ። አንዴ እጇን አነሣችና እሱ አቆመ። «ጉሮሮዬ የለም» አለች። ነገርሁት። «ጥሩ ነው፤ የለም እስኪሉ ነው የምጠብቀው» አለ። ነገርኋት።

ከዚያ ያ ቀጭን ነገር ገባ። ጫፉ ላይ ያለው ካሜራ የሚያየውን ትንሽ መስኮት ላይ ያሳያል። እኔ መስኮቱን ማየት አልፈለግሁም፤ እሷን አየሁ። ስታስል «አስይ፣ ችግር የለም ይላል» አልሁ። ዐይኗ ሲፈጥ፣ «በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ደጃፉ ታይቶኛል ይላል» አልሁ። «ጠባቡ ጋ ደርሻለሁ ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ የታፈንሽ ይመስልሻል ይላል፤ አየር ግን እየገባ ነው ይላል።» እጄን ያዘችና ጨመቀችው። የገበሬ እጅ ነው፤ ዐጥንቴ ተንቋቋ። ከዚያ ኤርምያስ «ገብቷል» አለ። እኔም «ገብቷል» አልሁ። ከዚያ ወዲያ መናገር አትችልም ነበር። መድኃኒቱን በክንዷ ሰጣት፤ እጇ እጄ ውስጥ ላላ።

ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። አገኘሁሽ ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። ዶክተር ሶስና ወጥታ የተቆረጠውን በሳህን አሳየችን፤ የሚበዛው ከደረቷ የወጣው ነው። ሲያነቋት ወዲያው ቱቦውን አላወጡም፤ የተጨፈለቀው የአየር ቧንቧ መልሶ እንዳይዘጋ ብለው እስከ ከሰዓት ጠበቁ። ከወጣም በኋላ ድምፅዋ ለብዙ ወራት አልጠራም። ይህንንም አስቀድመው ነግረዋት ነበር፤ እኔም ሳላጎድል ነግሬያት ነበር።

ዘመቻው ዓርብ ሄደ። እሷ ሰኞ ወጣች። በሩ ላይ ስታልፍ አስቆምኋትና ነገርኋት። ያን ቀን ያለችውን ለኤርምያስ እንዳልነገርሁት፣ ደህና ትተኛለች እንዳልሁት፣ ኋላም እርግጠኛ ሊሆን ነው ብዬ እንደሸፈንሁ። ስለ ክርኔ አላነሣሁም፤ ያጠፋው አፌ እንጂ ክርኔ አልነበረም። አገኘሁሽ መሬት መሬት ታያለች።

የሻሽወርቅ ወደኔ ዞረች። አንገቷ በፋሻ ታስሮ ስለነበር ዞር ለማለት ከነ ትከሻዋ ነው የዞረችው።

«እንዳልመለስ አስበህ ነው» አለች በዚያ በሻከረ ድምፅ።

«አዎ።»

«የተናገርሁት የኔ ነበር፣ አያ ይስማው። ቢያስመልሰኝም የኔ ነበር።»

ልጇ ጓዟን አነሣች። ወደ መኪናው ሄዱ።

አሁን ነርሷ ስትመለስ እየታየችኝ ነው። ከእናንተ አማርኛ የማይሆንለት ካለ እኔ ከበር እገባለሁ፤ ልጁ ወይም ጎረቤቱም ሊያስተረጉምለት ይችላል። ሐኪሙ እንዴት ነው የምትተኙት ብሎ ሲጠይቅ፣ ተቀምጣችሁም ቢሆን፣ በጎናችሁም ቢሆን፣ ተነሥታችሁ በመስኮት እየተነፈሳችሁም ቢሆን ንገሩት። ለሌላው የምታስተረጉሙ ደግሞ፣ ያዘናችሁለት መስሏችሁ ከቃሉ አትቀንሱበት። እባካችሁ፣ ይህችን ብቻ አስታውሱልኝ።